የፊት ቀኙ ጎማ

አያ ቢያዝንን ያገኟቸው ከቅዳሜ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አንዲት ጠባብ ድልድይ ከሚሻገርበት ዘንድ፣ ከመንገዱ በታች ባለው ቦይ ውስጥ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ጠጥቶ የወደቀ ሰው መስሏት፣ "ምነው አያ፣ በዚህ ብርድ?" ብላ ተጣራች። መልስ ስታጣ ወርዳ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረገችና ጩኸቷን አቀለጠችው። ሁለት ስልቻ ገብስ የተጫነች አህያቸው እርሻው ዳር ሣር ትግጣለች።

መርማሪው ኢንስፔክተር ምስጋናው ከጎንደር ተጠርቶ ሲደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ለሥራ ወደ ሰሜን ሄዶ አድሮ፣ ያን ዕለት ጠዋት በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር ተመልሷል። ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ የመጣበትን መንገድ እንደገና መንዳቱ አበሳጭቶታል። ጠዋት አገሩን ሁሉ ውጦት የነበረው የሐምሌ ጉም አሁን ለቅቋል፤ ጠዋት ያልታየው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሳጅን እንኳየሁ ቀድማው ደርሳ ቦታውን በገመድ አሳጥራዋለች። ቀትር ላይ የጣለው ዝናብ የጎማ ዱካ አላስቀረም። ከሣሩ መሐል ያገኘችውን ነገር በመሐረብ ይዛ አሳየችው፤ የመዳፍ ግማሽ የሚሆን የስፖኪዮ መስታወት ስባሪ ነው።

"ይኸኛውንም እዩት" አለች የድልድዩን ግንብ ጠርዝ እያመለከተች። "አንድ ነገር ገጭቶታል። ፍልጡ ገና ነጭ ነው፤ የጎማ ጥቁርም አለበት።"

"ይሄን ግንብ የማይታከከው ማን አለ? ጉም በመጣ ቁጥር አይሱዙው ሁሉ ይፍቀዋል" አለ ምስጋናው። ቢሆንም ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ልማዱ ነው፤ የናቀውንም ይጽፋል።

የአያ ቢያዝን ልጅ አበቡ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ዓይኗ ቢያብጥም የተጠየቀችውን ሳታዛንፍ መለሰች።

"አባቴ ከቤት የወጣ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ነኝ የጫንኩለት። ከዚህ እስከ ድልድዩ በሱ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ነው።"

"የሚጣላቸው ሰው ነበር?"

"አባቴን? ሸጋ ሰው ነበር እኮ። የሚጣላው ከአህያዋ ጋር ብቻ ነው፤ እሷም መሐል መንገድ ካልሄድኩ ስለምትል።"

ሰኞ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወረቀቱን ሰጠው። ምስጋናው ቆሞ አነበበና ሁለተኛ ለማንበብ ወንበር ሳበ።

"ወዲያው አልሞቱም ነው የምትለኝ?"

"ጭንቅላታቸው ከድንጋይ ጋር ተላትሟል። የገደላቸው ግን ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ የፈሰሰ ደም ነው። ሁለት ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቆይተዋል።"

"ሰው ቢደርስላቸውስ?"

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። "ሊተርፉ ይችሉ ነበር።"

ምስጋናው ሒሳቡን ለመሥራት ወረቀት አላስፈለገውም። ሽማግሌው የተመቱት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እሱ ራሱ በዚያ ድልድይ ላይ ያለፈው ሦስት ሰዓት ግድም ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ አምስት እርምጃ እንኳ የማያሳይ ጉም ውስጥ። ከድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል አልፎም ቆሞ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ነጭ ማኪናዋ ጎማ ተኝቶባት መንገድ ዳር ቆማ አግኝቷት፣ ወርዶ የተኛውን ጎማ በመለዋወጫው ስኮርታ ቀየረላት። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለወርቅውሃ "ዛሬ ደግሞ ጎሚስታ ሆኜ ዋልኩ" ብሎ እየሳቀ ነግሯታል። እሱ ቡሎን ሲያጠብቅ ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ገባ፤ ገዳዩን መያዝ እዳውን የሚያቀልለት መሰለው።

መሪ ፍንጭ አልጠፋም። ያን ጠዋት ከድልድዩ በላይ ላሞች ያሰማራ ገበሬ፣ ሰማያዊ አይሱዙ ጉሙን እየቀደደ ሲበር ሰምቶ፣ ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ባለበት ቀና ብሎ አይቷል። አይሱዙውን ጎንደር ላይ ማግኘት የአንድ ቀን ሥራ ሆነ። ሹፌሩ ምንይችል ይባላል፤ የቀኝ ስፖኪዮው አዲስ ነው።

"መቼ ቀየርከው?"

"ቅዳሜ።"

"የት ተሰበረ?"

"ከመጫኛው ግቢ ስወጣ የብረት በሩ ገጨብኝ። ዘበኛው አይቷል፤ ጠይቁት።"

ዘበኛው ግን አገሩ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ምንይችል ታሰረ። እናቱ በነጋታው ምሳ ይዛ መጥታ በር ላይ ቆመች። ምስጋናው ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ፣ "ጌታዬ፣ ልጄ ሰው ገጭቶ ጥሎ የሚሄድ አይደለም" አለችው። ይህን ቃል ከስንት እናት ሰምቷል! ሳይመልስላት አለፈ።

የቀረው ምስክር ማጠናከር ነበር። አይሱዙው በዚያ መንገድ ወደ ጎንደር ሲበር፣ ጎማ የተኛባት ሴት ከፊቱ ቆማ ሊሆን ይችላል። ስሟን አልረሳም። ፅዮን ናት፤ ማራኪ ሰፈር ባለ ኮሌጅ ነርሶችን እንደምታስተምር ነግራዋለች።

ቢሮዋ አገኛት። ሲገባ ብድግ አለችና ወንበሯን ይዛ ቀረች።

"አትደንግጪ" አላት። "ቅዳሜ ጠዋት ጎማሽን የቀየርኩልሽ ነኝ።"

"አስታውሰዎታለሁ።"

"ከእኔ በፊት ሰማያዊ አይሱዙ ሲያልፍ አይተሻል? ድልድዩ አጠገብ አንድ አዛውንት ተገጭተው ሞተዋል።"

ፅዮን ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የተማሪዎች ወረቀት አስተካከለች፤ ያስተካከለችውን መልሳ አዛነፈችው። "አንድ ትልቅ ማኪና አልፏል። ቀለሙን አላየሁም።" ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ "የታሰረ ሰው አለ?"

"ሹፌሩ ታስሯል።"

"ምን ያህል ይፈረድበታል?"

"እሱን ፍርድ ቤት ያውቃል።"

"ሰውየውስ... ልጆች አሏቸው?"

"ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አላቸው።"

የሚያጽናና ቃል የሚፈልግ ሰው ፊት ነበራት። ምስጋናው ርኅሩኅ ልጅ ናት ብሎ አሰበና ቃሏን አስፈርሟት ወጣ። እሷ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድርበት ምክንያት አልነበረም። ጉድጓድ የጎዳውን ጎማዋን በገዛ እጁ ፈትቶታል፤ የእሷ ማስረጃ እሱ ራሱ ነው።

ረቡዕ ለተጨማሪ ቃል ወደ አበቡ ሲሄድ፣ ልቅሶው ገና አልተበተነም።

"ከእናንተ ቢሮ የመጣችው ሴት ደህና ገባች?" አለችው አበቡ።

"የትኛዋ ሴት?"

"ትናንት የመጣችው። የከተማ ልጅ ናት። ማንነቷን ሳትነግረን ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ እሷ አለቀሰች። እህል ብንላት እንቢ አለች። የመንግሥት ሰው መስላን ነበር።"

"ከእኛ የመጣ ሰው የለም" አለ ምስጋናው። የግብርና ሠራተኛ ትሆናለች ብሎ ተወው። ይህንንም ግን ጻፈው።

ሐሙስ ስልክ ተደወለለት። ጋሽ ዕንባቆም ናቸው፤ ከቁስቋም በታች ጋራዥ ያላቸው፣ ማኪና ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን ሰጥተው የሚያዳምጡ የድሮ መካኒክ። እንኳየሁ በየጋራዡ ዞራ፣ ስፖኪዮው የተሰበረ ማኪና ከመጣ እንዲያሳውቁ አስጠንቅቃ ነበር።

"ስፖኪዮ የተሰበረበት አልመጣም" አሉት። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህና ብቅ በል። የመስታወቱንም ስባሪ ይዘህ ና።"

ሲደርስ በመጀመሪያ ስባሪውን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደገፉበት። ማስመሪያው መሐሉን ነክቶ ሁለቱ ጫፎች ላይ ክፍተት ታየ።

"ጎበጥ ያለ ነው፤ አየህ? የዚያ ልጅ የአይሱዙ ትልቁ ስፖኪዮ ዝርግ ነው። ይሄ የትንሽ ማኪና ነው።"

ምስጋናው ስባሪውን አንሥቶ ጉብታውን በጣቱ ዳበሰ። የምንይችል እናት በር ላይ ቆማ ታየችው።

"የጠራሁህ ግን ለዚህ አይደለም" አሉ ጋሽ ዕንባቆም። "ወዲህ ና።"

ጋራዡ ጥግ በክሪክ ተነሥታ የቆመችው ትንሽ ነጭ ማኪና ናት። ምስጋናው ወዲያው አወቃት።

"ባለቤቷ ትናንት ማታ አመጣቻት። ስትነዳት ታጉረመርማለች፤ ፍጥነት ስትጨምር ደግሞ ይብስባታል። ምን አገኘሽ ብላት 'ጉድጓድ ገባሁ፤ ፖሊስ ምስክሬ ነው' አለችኝ። ስምህን ጠራች። እውነት ነው?"

"ጎማዋን የቀየርኩላት እኔ ነኝ።"

"ጎማ መቀየርህን አልጠየቅኩህም። ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ አይተሃል?"

ምስጋናው ወደ ፊት ቀኙ ጎማ ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው መካኒክ የፊት ቀኙን ጎማ ላዩንና ታቹን ይዘው ነቀነቁት፤ ገጭ ገጭ አለ። የግራውን ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቀኙን በእጃቸው አሽከርክረው፣ "ጆሮህን አስጠጋ" አሉት። አሸዋ የሚፈጭ ወፍጮ ይመስላል።

"ኩሽኔታው ሞቷል። ጎማውን ይዞ የሚያሽከረክረው ኳስ ያለበት ቀለበት ማለቴ ነው። ጉድጓድ ኩሽኔታ ይገድላል፤ አይገድልም አልልህም። ግን ጉድጓድ የሚመታው ከፊትና ከታች ነው። ቸርኬውን፣ የጎማውን ብረት፣ ከንፈሩ ላይ ያጎብጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በውስጥ በኩል።" የወለቀውን የተጎዳ ጎማ ከጥግ አንከባለው አመጡ። "የዚህን ከንፈር በእጅህ ዳብሰው። ደህና ነው። ቁስሉ የት ነው ያለው?"

ቁስሉ በውጭው ፊት ላይ ነበር። ቸርኬው ገጹ ተፍቆ ተቀርጿል፤ ጎማውም በውጭ ጎኑ ተተልትሏል። ጋሽ ዕንባቆም በመፍቻ ጫፍ ጭረቱን ጫር አደረጉት። ግራጫ ዱቄት መዳፋቸው ላይ ራገፈ።

"ሲሚንቶ ነው። አስፋልት ጥቁር ነው፤ ሲሚንቶ አይተፋም። ይሄ ጎማ በጎኑ ግንብ ገጭቷል። ኩሽኔታውንም የገደለው የጎን ምቱ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ስፖኪዮዎቹን እያቸው። የግራው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። የቀኙ ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው።"

ምስጋናው አዲሱን ስፖኪዮ አየ። ያን ጠዋት ከፊት ቀኙ ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን ሊመታው ሲል ጎንበስ ያለለት ስፖኪዮ ታወሰው። ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። የጎንደር መንደር መንገድ ስለሚጠብ ባለ ማኪናው ሁሉ እያጠፈ ያቆማል፤ እሷም አጥፋ ረስታው ይሆናል ብሎ ነበር። ዘርግቶ ቢያየው ኖሮ መስታወቱ መሰበሩን ያይ ነበር።

ከጋራዡ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ነዳ። ከግንቡ ፍልጥ እስከ አስፋልቱ ያለውን በሜትር ለካ፤ ከቸርኬው ጭረት ቁመት ጋር አንድ ነው። ከቦዩ እስከ መንገዱ ያለውንም በእግሩ ቆጠረ። አራት እርምጃ ነው።

ሲመሽበት አድሮ፣ ዓርብ ጠዋት ከእንኳየሁ ጋር ፅዮን የተከራየችበት ቤት ሄደ። በሩን ሳያንኳኳ ከፈተችው። ለመውጣት የለበሰች ትመስላለች።

"እኔው ልመጣ ነበር" አለች። "ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ልመጣ ነበር።"

"ስፖኪዮሽ የት ተሰበረ?"

"ያውቁታል።"

"ከአንቺ አፍ ልስማው።"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንኳየሁ መጻፍ ጀመረች።

"እናቴን ጠይቄ ስመለስ ነው። ጉሙ ውስጥ ድንገት መሐል መንገድ ላይ አህያ አየሁ። እሷን ላድን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ሰው ከጎኗ መኖሩን አላየሁም። አንድ ነገር ስፖኪዮውን መታው፤ ከዚያ ጎማው ግንቡን ገጨ። አህያዋን ነው የነካሁት አልኩ ለራሴ።" እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አህያ ግን 'ወይኔ' አትልም።"

"ሰማሻቸው?"

"ሰማኋቸው።"

"አላቆምሽም።"

"እግሬ አልታዘዘኝም። ጎማው እየተንገጫገጨ ነዳሁ። ፈጽሞ ሲተኛ ቆምኩና ወረድኩ። የተሰበረውን ስፖኪዮ ሳየው እጄ አጠፈው፤ ለምን እንዳጠፍኩት አላውቅም። ከዚያ በእግሬ ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ። ይህን ላያምኑኝ ይችላሉ። ጥቂት እንደሄድኩ የእርስዎ ማኪና መጣ። የፖሊስ መሆኑን ሳይ እግዚአብሔር ላከልኝ አልኩ። ልነግርዎ ነበር። እርስዎ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እየሳቁ፣ 'ያ ጉድጓድ አንቺንም በላሽ?' አሉኝ።"

የእንኳየሁ እስክሪብቶ ቆመ።

ምስጋናው የሴትዮዋን ቃል ለማስተባበል ያን ጠዋት በሐሳቡ መለሰው። ብሏል። ከቆመችበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ እሱንም ሁልጊዜ የሚያንገጫግጨው ጉድጓድ አለ። ጎማዋ ተኝቶ ሲያይ ምንም አልጠየቃትም፤ ጥያቄውንም መልሱንም እሱው ሰጥቷታል።

"'አዎ' አልኩ" አለች ፅዮን። "ክሪኩን ሲያወጡ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ቡሎኑን ሲያጠብቁ፣ አሁን አልኩ። እጅዎን በሣር ጠርገው 'በይ ቀስ ብለሽ ንጂ' ሲሉኝ አመሰገንኩዎት። ኢንስፔክተር፣ እኔ ነርስ ነኝ። ደም የሚፈሰው ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንደሚደረግለት በየዓመቱ አስተምራለሁ።"

"ልቅሶ ቤት የሄድሽው አንቺ ነሽ?"

ራሷን ነቀነቀች። "ልናገር ነበር የሄድኩት። ልጅየዋ እህል ብዪ አለችኝ።"

ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣ አልመጣለትም። "ነጠላሽን ያዢ፤ እንሂድ" አላት።

"ያ ሹፌር ይፈታል?"

"አሁኑኑ።"

ምንይችል አራት ቀን ታስሮ ሲፈታ፣ ምስጋናው ራሱ በሩን ከፍቶ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁ ቀበቶውን እየታጠቀ ሰማው። "ለእናቴ ይንገሯት" አለ። "ጎረቤቱ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ወለድሽ ብሏታል፤ እኔ ብነግራት ምን ይጠቅማታል?" በዚያው ምስጋናው ሄዶ ነገራት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ በሩን ዘጋች።

አለቃው ኮማንደር ላቀው ፋይሉን እስከ መጨረሻው አነበበና አንድ ገጽ ለይቶ አወጣ። ምስጋናው በገዛ እጁ የጻፈው የምስክርነት ቃል ነው፦ በስንት ሰዓት በድልድዩ እንዳለፈ፣ የት እንደቆመ፣ ምን ብሎ እንደጠየቃት።

"ይሄ አያስፈልግም" አለ ላቀው። "አምናለች፤ ኩሽኔታው አለ፣ መስታወቱ አለ፣ ሲሚንቶው አለ። ያላንተ ቃልም ፋይሉ ይቆማል። ጎማ ነው የቀየርከው፤ ምን አጠፋህ?"

"ጎማ ነው የቀየርኩት።"

"ታዲያ?"

"መርማሪው ተጠርጣሪዋን ከወንጀሉ ቦታ ሸኝቷታል። ሰው ሲሞት። ከዚያም አራት ቀን ሌላ ሰው አስሯል። ይሄ ካልተጻፈ ፋይሉ ሙሉ አይደለም።"

"ከምርመራ ሥራ ሊያነሡህ ይችላሉ።"

"አውቃለሁ" አለና ገጹን ወደ ቦታው መለሰው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድብ ባሕር ብቻውን ሄደ። አበቡን ግቢዋ ውስጥ እህል ስታሰጣ አገኛት። መደብ ላይ አስቀመጠችው። ገዳይዋ መያዟን፣ ልቅሶ ቤት የመጣችው ሴት እሷ መሆኗን ነገራት። አበቡ እጇ ገብሱ ላይ እንዳለ ሰማችው።

"እህል ብዪ አልኳት እኮ" አለች። "እንቢ ያለችው ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ይመስለኛል።"

"እግዜር ይይላት።" ገብሱን በመዳፏ ዘረጋጋችው። "አንቱም ደከማችሁ። ላደረጋችሁት እግዜር ይስጥልን።"

ምስጋናው ምስጋናዋን ይዞ ሊነሣ ይችል ነበር። አልተነሣም።

"አበቡ፣ ሌላ ነገር አለ። አባትሽ ቦዩ ውስጥ ሳሉ እኔ በዚያ መንገድ አልፌአለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ።"

ቀና ብላ አየችው። "ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር?"

"ነበሩ።"

"ጉሙ ነው ያላሳያችሁ።"

"ጉም ነበር። ግን እሷን ወደ ፊት ቆማ አግኝቻት፣ ጎማዋን የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ተመልሰንም እንደርስላቸው ነበር።"

አበቡ ገብሱን ለቀቀችው።

"አንተ ስታልፍ አባቴ ተጣርቶ ይሆን?" አለች። አንቱታው ቀርቷል።

"አላውቅም። መስኮቴ ዝግ ነበር።"

ከሴትዮዋ ጩኸት፣ ወይም እርግማን ጠብቆ ነበር። አንዱም አልመጣም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣችና ወደ እርሻው ማዶ ተመለከተች።

"ወንድሜ ጠዋት ለአረም ወርዷል፤ አሁን ይመጣል" አለች። "እኔ አልነግርልህም። ለሱም አንተው ትነግረዋለህ።"

ምስጋናው መደቡ ላይ ቆየ። ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታ ገብሱ መሞቅ ሲጀምር፣ አንድ ሰው መኮትኮቻ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከማሳው ወደ ላይ ሲመጣ ታየው። አረማመዱ ያልቸኮለ ነበር። ምስጋናው ኮፍያውን አውልቆ ተነሣና ሊቀበለው ወደ በሩ ሄደ።